የጎልማሶች ትምህርት አመቻች የቀበሌ ተላላኪ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በየዓመቱ ጳጉሜን 3 ቀን ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ቀን ሲከበር ስለ ጎልማሶች ትምህርት ብዙ ይባላል። የተመዘገቡት ሰዎች ቁጥር ይነገራል፤ ስማቸውን መጻፍ የቻሉ እናቶችም በቴሌቪዥን ቀርበው ደስታቸውን ይገልጻሉ። ትምህርቱን የሚሰጠው ሰው ግን የሥራ ድርሻው ምን እንደሆነ፣ ኃላፊነቱ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ፣ ከተማሪዎቹና ከሌሎች ሠራተኞች ጋር ያለው ግንኙነት በምን እንደሚመራ እምብዛም አይነሣም። በአንድ የገጠር ወረዳ መጀመሪያ በአመቻችነት (የጎልማሶች አስተማሪ ሆኜ)፣ በኋላም በሱፐርቫይዘርነት ለዓመታት የሠራሁ በመሆኔ፣ ትምህርቱን ከበጀት እጥረት ባልተናነሰ ሁኔታ ያዳከመው ነው ብዬ ስለማምንበት አንድ ጉዳይ ልጽፍላችሁ ወደድሁ። ይኸውም አመቻቹ ከሙያው ውጭ የቀበሌው ሁሉ ተላላኪ ሆኖ መቅረቱ ነው።

ሥራውን በቅርብ ለማያውቁ አንባቢያን ጥቂት ልበል። በ2000 ዓ.ም. ብሔራዊ የጎልማሶች ትምህርት ስትራቴጂ ከወጣ ወዲህ የተስፋፋው የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት ዓላማው ፊደል ከማስቆጠር ያለፈ ነው። ንባብ፣ ጽሕፈትና ስሌት ከግብርና፣ ከጤናና ከገቢ ማስገኛ ሥራ ጋር ተሰናስለው በሁለት ዓመት እንዲሰጡ የታሰበ ነው። ለአንድ ጥማድ መሬት ስንት ማዳበሪያ እንደሚበቃ የሚነጋገሩበት ቀን የስሌት ትምህርት ቀን ነው፤ የሕፃናት የክትባት ካርድ ተዘርግቶ የሚታይበትም ቀን የንባብ ቀን ነው። ይህን የሚያስተምረው አመቻች በአብዛኛው 10ኛ ወይም 12ኛ ክፍል ያጠናቀቀ፣ አጭር ሥልጠና ወስዶ በኮንትራት የተቀጠረ ወጣት ነው። የመደበኛ ትምህርት ቤት መምህር ከጀማሪ መምህርነት ተነሥቶ እስከ መሪ መምህርነት የሚያድግበት የደረጃ ዕድገት አለው፤ አመቻቹ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ውሉ ይታደስለት ወይም ይቋረጥበት እንደሆነ እንኳ የሚያውቀው በመጨረሻው ሰዓት ነው።

ከፊቱ የሚቀመጡት ተማሪዎች ደግሞ በዕድሜ ከእናትና ከአባቱ የሚበልጡ ናቸው። እኛ አካባቢ ትምህርቱ የሚሰጠው ገበሬው በሬ በማይጠምድባቸው የበዓል ቀናት፣ በ12 በሚካኤል፣ በ21 በማርያም፣ በ29 በበዓለ እግዚአብሔር፣ ከቅዳሴ መልስ ነው። ይህን የጊዜ ሰሌዳ ያወጡት ተማሪዎቹ ራሳቸው ከአመቻቹ ጋር ተመካክረው ሲሆን፣ ኅዳርና ታኅሣሥ አዝመራ በሚሰበሰብበት ወቅት ክፍሉ ቢሳሳ ማንም አይደነቅም፤ የሚደነቀው የወረዳው ሪፖርት ተቀባይ ብቻ ነው። ጎበዝ አመቻች ተማሪዎቹን «እማማ»፣ «አባባ» እያለ ነው የሚያስተምረው። የተሳሳቱትንም ሰው ፊት አያርማቸውም፤ ከደብተራቸው ላይ አጎንብሶ፣ ጎረቤታቸው ሳይሰማ፣ ያሳያቸዋል እንጂ። ስድሳ ዓመት ሙሉ በአገር ሽማግሌነት ተከብሮ የኖረን ሰው በልጅ ልጁ ዕኩያ ፊት ማሳፈር ያንን ሰው ለዘለዓለም ከክፍል ማስወጣት ነው።

ከማስተማሩ ጎን ለጎን አመቻቹ የሚሸከመው ሌላ ኃላፊነት አለ፤ እርሱም የሰውን ገመና መጠበቅ ነው። አንዲት ባል የሞተባቸው ተማሪ ትምህርቱ አልቆ ሰዉ ሲበተን ወደ ኋላ ቀርተው፣ ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው፣ የታጠፈ ወረቀት ለአመቻቿ ሲሰጡ በዓይኔ አይቻለሁ። ወረቀቱ የፍርድ ቤት መጥሪያ ነበር፤ የባላቸው ወንድም በመሬት ይዞታቸው ላይ ክስ መሥርቶባቸው ኖሯል። አመቻቿ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አነበበችላቸው፤ የቀጠሮውን ቀን ራሳቸው ደብተራቸው ላይ እንዲጽፉት አደረገች፤ ለክሱ ምን ብለው እንደሚመልሱ ሲጠይቋት ግን ወደ ወረዳው ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ሄደው ምክር እንዲጠይቁ ነገረቻቸው እንጂ ከራሷ አውጥታ የሰጠችው መልስ አልነበረም። የምትችለውን ሠርታለች፤ የማትችለውን ለሚችለው አሳልፋለች፤ ያነበበችውንም ለማንም አላወራችም። ይህን ያህል የተሟላ የሙያ ሥነ ምግባር በሥልጠና ማንዋል ውስጥ አላገኘሁም።

ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ ወደ ገጠር ሲዘልቅ ደግሞ አዲስ ፈተና መጣ። ልጃቸው ከከተማ ገንዘብ የላከላቸው እናት ስልካቸውን ለሱቅ ልጅ ሰጥተው የሚስጥር ቁጥራቸውን ጮክ ብለው የሚናገሩበት አጋጣሚ ብዙ ነው። አመቻቹ ቁጥሩን ተቀብሎ ቢሠራላቸው ነገሩ በአንድ ደቂቃ ያልቃል፤ ሙያውን የሚያውቀው ግን ቁጥሮቹን በሰሌዳ ላይ አስለምዷቸው፣ እሳቸው ስልኩን ሲነኩ እርሱ ፊቱን ያዞራል። በርግጥ እንዲህ ሲሆን ጊዜ ይወስዳል፤ ተማሪዋም «አንተው ብትጨርስልኝ ምናለ» ማለታቸው አይቀርም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ አደራ የተሸከመ ሰው በማግስቱ መዝገብ ይዞ በየደጃፉ መዋጮ ሲጠይቅ ይታያችሁ። በምሠራበት አካባቢ አመቻቾች የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮ እንዲሰበስቡ፣ የማዳበሪያ ዕዳ ያለባቸውን ስም እንዲመዘግቡ፣ ለስብሰባ ሰው እንዲቀሰቅሱ፣ ያልመጣውንም ለቀበሌው እንዲያሳውቁ ሲታዘዙ ኖረዋል። ጤና መድኑ ጥሩ ነገር ነው፤ ማዳበሪያም ያለ ክፍያ አይመጣም። ይሁን እንጂ ማክሰኞ ዕዳውን የመዘገበበትን ልጅ ሐሙስ «ይህን ወረቀት አንብብልኝ» ብሎ የሚቀርበው ገበሬ የለም። አንዳንዶቹ ተማሪዎች በግልጽ ይቀራሉ፤ የሚብሰው ግን እየመጡ አፋቸውን የሚዘጉት ናቸው። ስለ መሬታቸው ስፋት፣ ስለ ከብቶቻቸው ብዛት፣ ስለ ምርታቸው በስሌት ትምህርት ላይ ሲጠየቁ የሚናገሩት ቁጥር ለቀበሌው የሚናገሩት ቁጥር ይሆናል፤ ከኑሯቸው የተነሣ እንዲሆን የታሰበው ትምህርትም የሐሰት ቁጥር መደመርና መቀነስ ሆኖ ያርፋል።

የቀበሌ አመራሮች የሚያቀርቡት መከራከሪያ እንዳላቸው አውቃለሁ፤ ከንቱ ነውም አልልም። በቀበሌው ውስጥ ጽሕፈት አጣርቶ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ አመቻቹ ደሞዙን የሚያገኘው ከመንግሥት ነው፤ ጥቂት ቀን ብቻ የሚያስተምር ሰው በቀረው ጊዜ ቢታዘዝ ምን ነውር አለው ይላሉ። ለዚህ መልሱ ቀረው የተባለው ጊዜ ትርፍ ጊዜ አለመሆኑ ነው። የቀረ ተማሪን ቤቱ ሄዶ መጠየቅ፣ ትምህርቱን ማዘጋጀት፣ ከጤናና ከግብርና ባለሙያዎች ጋር መነጋገር ያለበት በዚያው ጊዜ ነው።

የአገራችን የቀድሞ ተሞክሮም ቢሆን የሚነግረን ይህንኑ ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በዓመቱ ከዩኔስኮ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት ያስገኘልን፣ በኋላም በ15 ቋንቋዎች እስኪሰጥ ድረስ የሰፋ ታላቅ ሥራ ነበር፤ ሚሊዮኖች ፊደል ቆጥረውበታል። ሆኖም ዘመቻው በቀበሌና በገበሬ ማኅበራት በኩል ይካሄድ ስለነበር፣ የዚያን ጊዜ ተማሪዎች ዛሬ ሲያወጉ አስተማሪያቸውንና አዛዣቸውን ለይተው አያነሡም። ጫናው ሲላላ ብዙዎቹ ደብተሩን ጣሉት፤ ያወቁትን ፊደል የረሱም ጥቂት አይደሉም። እርግጥ የሚነበብ ነገር አለመኖሩና ተከታይ ትምህርት መጥፋቱም ድርሻ ነበራቸው።

ከሌሎች ባለሙያዎች ጋር ያለው ግንኙነት ላይ ስትራቴጂው ያስቀመጠው ሐሳብ ጥሩ ነው፤ የትምህርት፣ የጤናና የግብርና መሥሪያ ቤቶች ይተባበሩ ይላል። በተግባር ግን ትብብሩ የቆመው በሰዎች መልካም ፈቃድ ላይ ነው። ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከአመቻቹ ጋር ከተስማማች በወር አንድ ቀን መጥታ ስለ እርግዝና ክትትል ታስተምራለች፤ ስትዛወር ትምህርቱም አብሯት ይሄዳል፤ በቦታዋ የምትመጣው ሠራተኛ ይህ ሥራ የእርሷም መሆኑን የሚገልጽ አንድም ወረቀት አይደርሳትምና። ልማት ሠራተኛው ዘንድም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። ከርዕሰ መምህሩ ጋር ያለው ጉዳይ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የክፍሉ ቁልፍ ያለው በእሱ እጅ ነው። ቁልፍ የያዘው ዘበኛ በበዓል ቀን ቤተ ክርስቲያን ውሎ፣ ሃያ ሰው ዛፍ ሥር ቆሞ ሲጠብቅ አይቻለሁ። በእኛ በሱፐርቫይዘሮች በኩልም ሐሜት አይቀርም፤ ጉብኝታችን በአብዛኛው ቅጽ ማስሞላት ነው፤ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ትምህርቱን እስከ መጨረሻው የሚከታተል ጥቂት ነው።

በሰኔ 2014 ዓ.ም. ማራካሽ ላይ የተካሄደው ሰባተኛው ዓለም አቀፍ የጎልማሶች ትምህርት ጉባኤ የአስተማሪዎቹን ሙያ ማሳደግ ለትምህርቱ ጥራት አስፈላጊ መሆኑን ተቀብሏል። እኔ የምጠይቀው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ለእያንዳንዱ አመቻች የሥራ ድርሻውን በአንድ ገጽ ጽፈው ይስጡት፤ ግልባጩም ለቀበሌው አስተዳደር፣ ለርዕሰ መምህሩ፣ ለጤና ኬላውና ለግብርና ጣቢያው ይድረስ። በዚያ ወረቀት ላይ ገንዘብ መሰብሰብ፣ ዕዳ መመዝገብና የቀረን ሰው መጠቆም የአመቻቹ ሥራ እንዳልሆኑ በግልጽ ይስፈር። ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና ልማት ሠራተኛው በየወሩ የሚያስተምሩባቸው ቀናትም ይጠቀሱ፤ የክፍሉ ቁልፍ ቅጂ ለአመቻቹ ይሰጠው። የደረጃ ዕድገቱ ጉዳይ ከወረዳ አቅም በላይ ስለሆነ የክልል ትምህርት ቢሮዎች ቢያስቡበት ጥሩ ነው።

ይህን ለማድረግ አዲስ በጀት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የአንድ ኃላፊ ፊርማና ማኅተም ነው። የዘንድሮው ምዝገባ አዝመራው ተሰብስቦ ሥራ ሲቃለል ስለሚጀመር፣ ደብዳቤው ከጥር በፊት በየቀበሌው ቢደርስ አመቻቾቹ የምዝገባውን መዝገብ ይዘው ወደየቤቱ ሲሄዱ አብረው ሊያሳዩት ይችላሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጎልማሶች ትምህርት ሱፐርቫይዘር