ኢፋ ገዛሁ፣ አትሳቅ

ወንድም ዓለም፣

እንደምን ሰነበትክ? እማማስ ደህና ናቸው? ልጆችህ ጢም አብቅለው ይሆናል። እኔ አሁንም ላይፕሲክ ነኝ፤ ጤናዬ ደህና ነው፣ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያጉረመርማል።

ስድስት ዓመት ሆነን። ቆጠርኩት። ሰበብ አልደረድርልህም። የጋሼን ማረፍ የሰማሁት ከሦስት ወር በኋላ ነው፣ ያውም ከሰው ከሰው። የዚያኑ ቀን መደወል ነበረብኝ። ቁጥርህን አወጣሁ፣ አየሁት፣ ስልኩን መልሼ አስቀመጥኩ። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው "ሃሎ" ካለ በኋላ ምን ይላል? ነገ እደውላለሁ አልኩ። ነገ ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ዓመት። ከዚያ ወዲያ ያለው እፍረት ብቻ ነው። ነፍሳቸውን ይማርልን።

ታዲያ ዛሬ ምን ነካው ትል ይሆናል። ኢፋ ገዛሁ። አትሳቅ አልኩህ!

ቀልዴን አይደለም። ደብልዩ 50፣ በአራቱም ጎማ የሚጎትተው፣ የድሮው የምሥራቅ ጀርመን ጦር መኪና። ካሶኔ የለውም፤ በቦታው ወታደሮቹ ለሬዲዮ ሥራ የሚጠቀሙበት ሣጥን አለው። አንድ ገበሬ ጎተራ ውስጥ ቆሞ አገኘሁት። ዶሮ ጋቢናው ውስጥ እንቁላል ጥላበታለች። የሄድኩት እኮ ያገለገለ የእንጨት መጋዝ ልገዛ ነበር። በበሩ ቀዳዳ ያን ክብ ዓይኑን ሳይ "ኢፋ!" ብዬ ጮህኩ። ሰውየው ደነገጠ። አንድ ሐበሻ የአገሩን መኪና በስሙ ይጠራል ብሎ አልጠበቀም።

ጎረቤቴ ሽማግሌው በወጣትነቱ እዚያ ጦር ውስጥ ሾፌር ነበር። ኢፋ በኛ አገር እንደ አህያ የታወቀ ነው ስለው ገረመው። ከዚያ ቡና አፈላሁለትና ነገሩ ወጣ። በፈረንጆቹ 1977 የዓለም የቡና ዋጋ ጣራ ነክቶ መንግሥታቸው ዶላር አጠረው። ግማሽ ያህሉ ብቻ ቡና የሆነ ድብልቅ ለሕዝቡ አቀረበ። ሕዝቡ ተቆጣ። ሽማግሌው ጣዕሙን ሲያስታውስ እስካሁን ፊቱ ይጨማደዳል። ያን ጊዜ ነው ከደርግ ጋር የተዋዋሉት፤ ከኛ ቡና፣ ከነሱ ጦር መሣሪያና የጭነት መኪና። እንግዲህ ጋሼ ይነዷት የነበረችው ኢፋ በጅማ ቡና ተገዝታ ይሆናል። ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር? "ታዲያ ለምን ስኒ አልሰጡኝም" የሚሉ ይመስለኛል።

ፋብሪካው በርሊን አጠገብ ሉድቪግስፌልደ የምትባል ከተማ ነበር። ከ1965 እስከ 1990 ከ570 ሺህ በላይ ሠርተዋል፣ አብዛኛውን ለውጭ አገር ገበያ። ከዚያ አገሪቱ ራሷ ጠፋች። ጦሩ ሲበተን መኪናዎቹ በርካሽ ተሸጡ።

ሞተሩን ያስነሳሁበትን ቀን ልንገርህ። አዲስ ባትሪ፣ አዲስ ናፍጣ፣ አዲስ ማጣሪያ። ሞተሪኖው ይዞራል፣ እሱ ግን ዝም። ሽማግሌው ገና አፉን ሳይከፍት እጄ ብቻውን ወደ ናፍጣው የእጅ ፖምፓ ሄደ። ትዝ ይልሃል? ሐረጎ ዳገት ላይ ናፍጣ አልቆብን፣ ጋሼ በጀሪካን ሞልተው፣ እኔና አንተን ተራ በተራ በእጅ ያስፖምፑን የነበረው? "አረፋው እስኪያልቅ! ረዳት ቁጥር አንድ ሲደክመው ረዳት ቁጥር ሁለት!" የአየር ማስወጫ ብሎኑን ትንሽ ላላ አደረግኩ፣ ፖምፕ አደረግኩ፣ አረፋ ወጣ፣ አረፋ ወጣ፣ ከዚያ ንጹሕ ናፍጣ። አጠበቅኩት። በሁለተኛው ሙከራ ተነሣ። ጎተራው በጭስ ተሞላ፣ ዶሮዎቹ ተበተኑ። እኔ ደግሞ በአርባ ዘጠኝ ዓመቴ መሪውን ይዤ አለቀስኩ። ለማንም አልተናገርኩም፣ ላንተ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ሣጥኑን ቤት እያደረግኩት ነው። አልጋ፣ ምድጃ፣ የውኃ በርሜል፣ ቁም ሣጥን። ይህ ቀላሉ ነው፤ አናጢ መሆን ብቻ ይጠይቃል። ያስቸገረኝ ሣጥኑ ከሻንሲው፣ ከታችኛው የመኪናው አጽም ጋር የሚያያዝበት ነገር ነው።

የኢፋ ሻንሲ ይጠማዘዛል። ሆን ተብሎ ነው። አንዱ ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ሌላው ጉድጓድ ሲገባ፣ ሻንሲው እንደ እርጥብ ጨርቅ ይታጠፍና አራቱም ጎማ መሬት ይይዛል። ካሶኔ ቢሆን አብሮ ይወዛወዛል፣ ግድ የለውም። ቤት ግን አይታጠፍም። እኔ ብልጡ ሣጥኑን ስምንት ቦታ ላይ በወፍራም ብሎን ቀፍድጄ አሰርኩት። ጠንካራ ይሁን ብዬ! ጫካ ውስጥ ለሙከራ ይዤው ወጣሁ። አንድ ቦይ ስሻገር "ቋ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። የሣጥኑ ማዕዘን ተሰነጠቀ። በሩም አልዘጋ አለ። በሳምንቱ ዝናብ ገባና አዲሱ ፍራሼ ሾርባ ሆነ።

መፍትሔው ምን ሆነ መሰለህ? ሦስት ጉልቻ። ድስት በሦስት ጉልቻ ላይ ሲቀመጥ መሬቱ ወጣ ገባ ቢሆንም አይንገዳገድም፤ አራተኛ ብትጨምርበት ይንገዳገዳል። ሣጥኑን አሁን ከኋላ በሁለት ቦታ አሰርኩት፣ ከፊት መሀል ላይ በአንድ፣ እሱም የሚሽከረከር ነው። ሻንሲው የፈለገውን ያህል ይጠማዘዝ፤ ሣጥኑ ፊቱ ላይ ባለችው አንዷ ነጥብ ዙሪያ ዘንበል ቀና ይላል እንጂ አይታጠፍም። ብየዳውን የሠራልኝ ባለሙያ ነው፣ በራሴ እጅ አላመንኩም። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም የሚሉት ኢፋ ሳያዩ ነው። ከጋቢና ወደ ሣጥኑ መሹለኪያ እከፍታለሁ ያልኩትን ግን ተውኩት። ሁለቱ ለየብቻ ስለሚንቀሳቀሱ በመሀል እንደ አኮርዲዮን የሚተጣጠፍ ነገር ያስፈልጋል፣ እሱም ያፈሳል። በዝናብ ወርጄ እዞራለሁ፤ አልሟሟም።

ሁለተኛው ጣጣ ክብደት ነው። በወረቀት 7 ቶን ከ490 ኪሎ አድርጌ አስመዘገብኩት፤ ከ7 ቶን ተኩል በላይ ከሆነ ከባዱ መንጃ ፈቃድ ሊጠየቅ ነው። ያለ ዕቃ ሚዛን ላይ ሳወጣው 6 ቶን ከ400 አለ። ቀሪውን ቁጠረው። ውኃ ብቻ 150 ኪሎ። ትርፍ ጎማ፣ ናፍጣ፣ ባትሪ፣ እኔ፣ ባለቤቴ። ባለቤቴ በበኩሏ ከነምጣዴ ካልሆነ አልሄድም አለች። የኤሌክትሪኩን ምጣድ ማለቷ ነው! እሱ እኮ 3 ኪሎ ዋት ተኩል ገደማ ይበላል። ባትሪዬ ሞልቶ ያለው ሁለት ተኩል ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። አርባ ደቂቃ ገደማ ቢበራ ባትሪው ያልቃል ብዬ በወረቀት አሰላሁላት። ወረቀቱን አላየችውም። በመጨረሻ በጋዝ ታረቅን፣ ትንሽ ምጣድ፣ ትንሽ እንጀራ።

የወረቀቱን ነገር ባጭሩ ልለፈው። መኪናው ሠላሳ ዓመት ስላለፈው እንደ ቅርስ ይቆጠራል፣ ግብሩም በዓመት 191 ዩሮ ከሳንቲም ብቻ ነው። የመኖሪያ መኪና ተብሎ እንዲመዘገብ ደግሞ አልጋ፣ ማብሰያ፣ ቁም ሣጥን፣ መቀመጫና ጠረጴዛ ያስፈልጋል። ረከቦቱን ጠረጴዛ ነው ልለው አስቤ ነበር፣ ፈታሹ ግን የሚቀልድ ሰው አልመስል አለኝ። በአውራ ጎዳና ሕጉ በሰዓት 100 ይፈቅድልኛል። ኢፋው ግን 80 ላይ "በእመቤቴ" ይለኛል።

ሐሳቤ በግብፅና በሱዳን አድርጌ፣ መተማ ገብቼ፣ ደጅህ ላይ ክላክስ ማድረግ ነበር። ሱዳን እንዲህ እያለች አይሆንም። ስለዚህ በጸደይ ሞሮኮ እንሄዳለን። መንገዱ ሲከፈት ግን አንተ በር ላይ ቁም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሞተሩ ጋቢናው ውስጥ፣ በሁለቱ ወንበር መሀል እንደሆነ ታውቃለህ። ኮፈኑ ይግላል፣ ጩኸቱም ጆሮ ይበላል። እዚህ በብርዱ አገር ራሱ እግሬ ተጠበሰ። ጋሼ ሚሌ በረሃ ውስጥ አሰብ ድረስ እንዴት ቻሉት? ኮፈኑ ላይ የሚያነጥፉት ነገር ነበር። ሁለታችን በላዩ ተቀምጠን ቆሎ የበላንበት። ቀይ እንደነበረ ብቻ ነው የማስታውሰው። ቆዳ ነበር? ምንጣፍ ነበር? ከሥሩ ሌላ ነገር ነበረው? እማማ ያስታውሳሉ፣ ጠይቅልኝ። ባቲ ገበያ አጠገብ ከመኪናዋ ጋር የተነሡት ፎቶም ካለ በስልክ አንሥተህ ላክልኝ።

እሁድ ከሰዓት እደውላለሁ። ቁጥርህ ያው ከሆነ። መጀመሪያ ለቅሶዬን እደርሳለሁ፣ ከዚያ የፈለግከውን ያህል ተቆጣኝ፤ ስልኩን አልዘጋም።

ያንተው
ረዳት ቁጥር ሁለት