ትንኟን የማረባት እኔው ነኝ

ለአዘጋጁ፦

የምኖረው ኮምቦልቻ፣ ከቦርከና ወንዝ ብዙም ሳይርቅ ነው። ዛፉና ሣሩ ደስ ይላል። መስከረም ሲጠባ ግን ማታ በረንዳ ላይ ቡና መጠጣት አይታሰብም። ሁላችንም የምናማው ወንዙን ነው።

ባለፈው ቅዳሜ የጓሮዬን በርሜል ከፍቼ አየሁ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ አጠራቅማለሁ። ላዩ ላይ ክር የሚያካክሉ ትሎች ይተራመሳሉ። ጥላዬ ሲያርፍባቸው ወደ ታች ጥልቅ አሉ። ለካ ትንኝ አርቢው እኔ ነኝ! ውሃው ብርቅ ስለሆነ መድፋቱ አላስቻለኝም፤ በአሮጌ ነጠላ አጠለልኩት። ከዚያ የበርሜሉን ግድግዳ በብሩሽ ፈተግኩ፤ አንዳንዷ ትንኝ እንቁላሏን እዚያ ነው የምታጣብቀው። አፉንም በጨርቅ አሰርኩ። ሙቀት ካለ ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ 10 ቀን ገደማ ቢፈጅ ነው፤ ስለዚህ ሥራው በየሳምንቱ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ሶማሌ ክልል፣ ቀብሪ ደሀር ላይ የተገኘችው አዲስ ዓይነት የወባ ትንኝ ደግሞ እንዲህ ያለ የከተማ ማጠራቀሚያ ትወዳለች።

መዥገር ሌላ ጣጣ ነው። ረጅም ሣር ላይ ተንጠልጥሎ የሚያልፈውን ውሻ፣ ፍየል፣ ሰው ይጠብቃል። አጥር ሥር ያለውን ሣር ማጨድ፣ ውሻውንም ጆሮው ሥር መፈተሽ ይረዳል። ከተጣበቀ ናፍጣ አትቀቡት። በወረንጦ ከቆዳው ጠጋ ብሎ ይዞ ቀስ ብሎ መሳብ ነው።

ጎሚስታዎችስ? ደጃፋቸው የተከመረው አሮጌ ጎማ እስካሁን ዝናብ እንደያዘ ነው።

አንድ የኮምቦልቻ ነዋሪ