ለወጨጫ ተራራ መንገድ ምልክት አድርጉለት

ይድረስ ለደንና ለቱሪዝም ሥራ ኃላፊዎች፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የምጽፍላችሁ ስለ ወጨጫ ነው፤ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ከሰበታ በላይ ስለተጋደመው ተራራ። አናቱ ወደ 3,400 ሜትር ይጠጋል። ወገቡ ላይ ያለውን የመናገሻ ሱባ ደን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ደን ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። የጽድ ዛፉ ሥር ቆመው ቀና ሲሉ ጫፉ አይታይም። ጉሬዛው ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ነጭ ጭራው ተከትሎት ይንሳፈፋል። ከተማው አፍንጫ ሥር እንዲህ ያለ ቦታ መኖሩ እኔን ሁሌም ይደንቀኛል።

ደኑ ውስጥ መሄድ አይከብድም። ችግሩ ከላይ ነው። ጽዱ አልቆ ኮሶው፣ ከዚያም አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ሲጀምር የሰውና የከብት መሄጃ አይለይም። አምና ከአራት ጓደኞቼ ጋር ወጥተን ስንመለስ ጉም ወረደብን። ከፊቴ የሚሄደው ጓደኛዬ ቦርሳው እንኳ ጠፋኝ። ስልካችን ኔትወርክ የለውም። ዱካው ሦስት ቦታ ሲከፈል በግምት የግራውን ያዝን። ትንሽ እንደወረድን ከጉሙ ውስጥ አንድ ልጅ «ኮታ! ኮታ!» እያለ ተጣራ። በኦሮምኛ ኑ ማለቱ ነው። ኮንጎ ጫማ ያደረገ ትንሽ እረኛ ነበር። በበትሩ ወደፊት ጠቆመን። ጠጋ ብለን ስናይ ከአስታው ማዶ ገደል ነው። ደኑ ድረስ ሸኝቶን ወደ በጎቹ ተመለሰ።

ያ ልጅ ባይኖርስ? እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል።

የምለምናችሁ ብዙ ገንዘብ የሚፈጅ ነገር አይደለም። ዱካው በሚከፈልበት ሁሉ ድንጋዩ ላይ ቀለም ይቀባ። ከአስታው በላይ ደግሞ ድንጋይ ይከመር፤ ቁመቱ ወገብ ከደረሰ ጉም ውስጥም ይለያል። የአካባቢው ወጣቶች መንገድ መሪ ሆነው ይመዝገቡ፣ ዋጋቸውም መግቢያው ላይ ይለጠፍ። ተራራውን እንደ ጓሯቸው ያውቁታል፤ ገንዘቡም እዚያው ቢቀር ደስ ይለኛል። አስፋልት ወደ አናቱ ይውጣ ግን አልልም። እባካችሁ እሱን አታድርጉት። ለአስፋልት ተብሎ የሚቆረጥ ጽድ መልሶ እዚያ ቁመት ላይ ሲደርስ የልጅ ልጆቻችንም አያዩትም።

ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ሲጠፍፍ፣ በጥቅምት፣ ብዙ ሰው ወደ ላይ ይወጣል። ሠራተኛ ካጠራችሁ ፈቃዱን ብቻ ስጡን። ቀለሙን እኛ ገዝተን፣ ቅዳሜና እሁድ እየወጣን እንቀባለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአዲስ አበባ ነዋሪ