ደም ስላየች ደርሳለች ማለት አይደለም

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን የሚደወልልን ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «ሴቷ ውሻዬ ደም አየች፣ ለማዳቀል መቼ ላምጣት?» ስንት ወሯ ነው ስንል፣ ስምንት፣ ዘጠኝ። ለእያንዳንዱ ከመመለስ አንዴ እንጻፈው አልን። ከአሁን በኋላ ወንዱን ውሻችንን ዓመት ከመንፈቅ ላልሞላት ሴት አንሰጥም። እንደ ጀርመን ሸፐርድና ሮትዋይለር ላሉ ትልልቅ ዘሮች ደግሞ ሁለት ዓመት እንጠብቃለን።

ቅር የሚላችሁ እንዳላችሁ እናውቃለን። ቡችላ ጥሩ ዋጋ ያወጣል፣ ብዙዎቹ ውሾች ሂት (ደም የሚያዩበትና ወንድ የሚፈልጉበት ወቅት) የሚገቡት ደግሞ በየስድስትና በየሰባት ወሩ ስለሆነ አንዱን ማሳለፍ ብር መጣል ይመስላል። ግን ደም ማየቷ ማርገዝ ትችላለች ማለት ነው እንጂ አድጋ ጨርሳለች ማለት አይደለም። ትንንሾቹ በስድስት ወራቸው ይጀምራሉ፣ ትልልቆቹ ዓመት ሞልቷቸው፣ አንዳንዴም ከዚያ ዘግይተው። የትልቅ ዘር አጥንት እስከ 18 ወር ድረስ ሊያድግ ይችላል። እሷ ራሷ ገና እያደገች ስምንት ቡችላ ከተሸከመች ከሰውነቷ ላይ ነው የሚቀማት። ምጥ ሊጠናባት ይችላል፣ ወልዳም ግራ ገብቷት ቡችሎቿን ትታ የምትነሳ አለች። ሸፐርድ ላይ ደግሞ የዳሌ መጋጠሚያ ችግር አለ፤ በዘር ይተላለፋል፣ በራጅ በደንብ የሚለየውም ሁለት ዓመት ገደማ ሲሞላት ነው።

ዕድሜዋን ከገዛችኋት ቀን ሳይሆን ከተወለደችበት ቁጠሩ፣ እባካችሁ። ጥርሷን አይተን እንገምታለን፤ ግን ሰባት ወር አካባቢ ቋሚ ጥርሷ ወጥቶ ስለሚያልቅ ከዚያ በኋላ ጥርስ ብዙ አይነግረንም። የመጀመሪያ ሂቷን ቀን ስልካችሁ ላይ ያዙት። እኛ የምንመርጠው ሁለተኛውን ወይም ሦስተኛውን ነው። በሌላ በኩል አምስት ዓመት አልፏት ገና ያልወለደች ከሆነ ባትጀምሩት ይሻላል።

እስከዚያስ? ግቢ ዝጉባት። ሂት ሦስት ሳምንት ገደማ ይቆያል። በመጀመሪያው ሳምንት ደሙ ወለል ላይ ጠብ ጠብ ሲል ሁሉም ይጠነቀቃል፣ እሷም ወንድ ሲጠጋት ቁጭ ትላለች ወይ ትነክሰዋለች። አደገኛው ሁለተኛው ሳምንት ነው፤ ፈሳሹ ይፈዛል፣ ወገቧን ስትነኳት ጅራቷን ወደ ጎን ታዞራለች፣ ሰውም «አለፈላት» ብሎ በሩን የሚከፍተው ልክ ያኔ ነው። የአዳማ ሰፈር ውሾች ሽታውን ይዘው በር ላይ ያድራሉ፣ በቆርቆሮ አጥር ሥር ቆፍረውም ይገባሉ። በአንድ ሂት ከሁለት ሦስት ወንድ ልታረግዝ ትችላለች። የባሰው ግን በግንኙነት የሚተላለፈው የብልት ዕጢ ነው፣ ከመንገድ ውሻ የሚመጣ።

ዕድሜዋ ሲደርስ ካላንደር አውጡ። እርግዝናው 63 ቀን አካባቢ ነው። ቡችሎቹ ሦስትና አራት ሳምንት ሲሞላቸው እናትየዋ ከወትሮው እጥፍ፣ አንዳንዴም ሦስት እጥፍ ትበላለች። ሥጋና አጥንት የምትወስዱበት ልኳንዳ በሁዳዴ የሚዘጋ ከሆነ ይህ ጊዜ ጾሙ ላይ እንዳይወድቅ ከአሁኑ አስሉት። በእርግዝናዋ ወቅት ግን ካልሲየም በራሳችሁ አትስጧት፤ ስታጠባ የሚመጣውን መንቀጥቀጥ ያባብሰዋል።

ክትባቷም የሚሟላው ከመዳቀሏ በፊት ነው፣ ቡችሎቹ የመጀመሪያውን መከላከያ የሚያገኙት ከእንገሯ ነውና። የወስፋት መድኃኒቷን አስቀድመን እንሰጣታለን። ስትመጡ ካርዷን ያዙ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የሌላትን አናስገባም። ደውላችሁ ቀጠሮ ያዙ፣ ከሰዓት ሙቀቱ ስለሚበረታ ጠዋት ብታመጧት ለእሷም ለወንዱም ይሻላል።