የላይኛውን አፈር ለይታችሁ አቆዩ

ውድ አባላት፣

ዛፍ በምንተክልበት፣ ከቁፋሮ በወጣው የአፈርና የድንጋይ ቁልል ላይ ያለው አፈር አንድ ዓይነት አይደለም። ተዳፋቱ ስስና ጠጠራማ ነው፤ ጎርፍ ያጠበው ለም አፈር ከግርጌው ተከማችቷል። ጥቁሩን የላይኛውን አፈር ከታችኛው ጋር እንዳትቀላቅሉት፣ ክምሩም ከ2 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፤ ከፍ ብሎ ሲከመር ውስጡ አየር ያጣና ጥቃቅን ነፍሳቱ ይሞታሉ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ከጥልቅ የወጣው ድንጋይ ነው። እንደ ወርቅ የሚያብለጨልጭ ፍንጣሪ ካያችሁ (ስንቱን አታልሏል!) ፓይራይት (የብረትና የድኝ ማዕድን) ሊሆን ይችላል፤ አየርና ውሃ ሲያገኘው አሲድ ይፈጥራል። የአፈሩ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ የተክሉን ሥር ያቀጭጫል። ስለዚህ ከተከላው በፊት ፒኤቹ ይለካ፤ ኖራ ካስፈለገም ቀድሞ ይበተን። ናይትሮጅን ለተራቆተው ቁልል ናይትሮጅንን ከአየር ወደ አፈሩ የሚያስገባው የጥራጥሬ ዘር ይቅደም፤ ዛፉ ከዚያ በኋላ ይተከላል።