እትዬ የሌሉበት ዝርዝር

ጅዳ

ይድረስ ለወንድሜ፤ አሰላሙ አለይኩም። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ሰላምታውን ይህን ወረቀት የምታመጣልህ ልጅ በቃሏ ታደርሳለች። ሐሙስ ስለምትነሳ ዛሬ ማታ ጽፌ መጨረስ አለብኝ።

ዝም ስል ጊዜ «ኮርታብን ነው» ብለሃል አሉ። ስልኬ እጄ የሚገባው ማታ ማታ ነው፤ ያን ሰዓት ደግሞ እናንተ ተኝታችኋል። ሌላ ነገር የለውም። ሥራው አይከብድም፣ ሰዎቹም ደህና ናቸው። ጽሑፌ ከተንጋደደብህ በረኪናው ጣቴን ትንሽ ስለበላው ነው። ለእማዬ ስታነብላት ይቺን ዝለላት።

አሁን ወደ ነገሬ። ቅሬው፣ እድራችን፣ ለሕፃናት፣ ለወጣቱና ለቤተሰብ የደከሙ ሰዎችን ሊያመሰግን መነሳቱን ስሰማ ወላሂ ደስ አለኝ። እኛ ዘንድ ሰው የሚመሰገነው ጥሩንባ ከተነፋለት በኋላ ነው፤ በቁማቸው ይስሙት ማለታችሁ ጥሩ አስባችኋል። ግን በፎቶ የላክኸውን ዝርዝር ደጋግሜ አነበብሁት። ባለወፍጮው አሉ። ባለሆቴሉ አሉ። ለስብሰባ ብቻ ብቅ የሚሉት የቀበሌው ሰውዬም አሉ። ሐጂ አሉ፣ እሱ ልክ ነው። እትዬስ?

«ኮሚቴ ገብተው አያውቁም» እንዳትለኝ። ሐጂ የቅሬው ዳኛ ሆነው የሠሩትን አልክድም። ያ በሽታ ሰፈሩን ሲያራግፈው፣ የኤድስ መድኃኒት በ1997 በነጻ መሰጠት ሳይጀምር፣ ቅሬው የሚያውቀው ድንኳን መትከልና መቅበር ብቻ ነበር። «የሞተውን ቀበርን፤ የቀሩትን ልጆች ማን ይያዛቸው?» ብለው ከወር መዋጮው ለደብተርና ለዩኒፎርም እንዲወጣ ያስወሰኑ እሳቸው ናቸው። እስላሙም ክርስቲያኑም እጁን አወጣ። ታዲያ ደብተር የተገዛላቸው ልጆች ማታ እራታቸውን የት ነበር የሚበሉት? እትዬ ቤት አይደለም እንዴ! ሰኞ ገበያ በርበሬ ቸርችረው ባመጡት። ለእስላም ልጆች ድስቱ ለብቻ ነበር፤ ሥጋ የተገኘ ቀን እማዬ ነበረች የምታሳርድላቸው። አንተም እኮ ከዚያ ድስት በልተሃል፤ ራበኝ ባትልም ትሄድ ነበር።

በ2013 ክረምት ከቆቦ፣ ከወልድያ፣ ከመርሳ የተፈናቀለው ሰው የደሴን ትምህርት ቤቶች ሲሞላ ከቤት ቤት ዞረው እንጀራ የሰበሰቡት ማን ናቸው? ጥቅምት 2014 መጨረሻ ላይ ከተማችን ራሷ ስትያዝ፣ እናንተ በሐረጎ ቁልቁል ስትሸሹ፣ እማዬ ጉልበቷ አልታዘዝ ብሎ ስትቀር ልጄን ይዘው አብረዋት የቀሩት ማን ናቸው? ስልኩ ተቋርጦ፣ ኅዳር 27 ከተማው ተለቀቀ ሲባልም ወዲያው ማግኘት አልቻልሁም፤ ልጄ ትኑር አትኑር ሳላውቅ የሰው ቤት ወለል እወለውል ነበር። መስመሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሰማሁት የእትዬን ድምፅ ነው። «በልታ ተኝታለች» አሉኝ። ስለራሳቸው አንድ ቃል አልተነፈሱም።

«ልጇን ጥላ ሄደች» የሚሉኝ እንዳሉ አውቃለሁ። አልጣልኋትም። ከእናቴና ከእትዬ እጅ ነው ያስቀመጥኋት፤ የምትማርበትንም እኔ ነኝ የምልከው። በእኛ ቅያስ ብቻ እናቱ ዓረብ አገር ያለች ልጅ ስንት ነው? «ወላጅ አምጡ» ሲባሉ ነጠላቸውን አጣፍተው ትምህርት ቤት የሚሄዱላቸው እሳቸው ናቸው። መጻፍ አይችሉም፣ ካርዱ ላይ ጣታቸውን ነው የሚያትሙት። ባለፈው ልጄ ካርዷን በስልክ ስታሳየኝ ውጤቱን ሳላይ በፊት ያቺን የጣት አሻራ አየሁ። ከዚያ በኋላ ምን እንዳወራን አላስታውስም፣ ልጅቷ ራሷ «እማ ዝም አትበይ» አለችኝ።

መምህር አካለ ወልድ የቦሩ ሜዳ ሊቅ ነበሩ። ወይዘሮ ስኂንም የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት ናቸው። ስማቸው በትምህርት ቤት በር ላይ ተጽፏል፣ ይገባቸዋል። እኔ ለእትዬ ትምህርት ቤት ይሰየምላቸው አላልሁም። ከዝርዝራችሁ አንድ መስመር ነው የጠየቅሁት። የጤና ኤክስቴንሽኗንም ልጅ ጨምሯት፤ ያን ዳገት ወጥታ የእማዬን ግፊት ቤት ድረስ መጥታ የምትለካ እሷ ናት።

ስለ እማዬ ካነሳሁ፣ ግፊቷ ስንት ገባ? ቁጥሩን ንገረኝ። «ደህና ናት» አትበለኝ፣ ደህና ናት ስትለኝ ነው እንቅልፍ የማጣው። ራስ ምታቱ ሲተዋት ኪኒኑን ታቆማለች፤ አውቃታለሁ። ጠዋት ቡናው ሲፈላ አብሮ ይሰጣት፣ ያን ጊዜ አትረሳውም። ጨው ቀንሺ ስትሏት «ምን ቀረኝ» ትላለች፣ አትስሟት።

የእህታችንን ኒካ ከአረፋ በኋላ ማድረጋችሁ ጥሩ ነው። ልጁን ፎቶውን አይቼዋለሁ፤ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ሥራ ካለው እንጀራ አለው ማለት ነው። ደግሞም ሩቅ አይደለም፣ እማዬ ባመማት ቀን በሚኒባስ ትደርሳለች። አባታችን ቢኖር ኖሮ ሽማግሌዎቹን ተቀብሎ ስንት ጊዜ ይመልሳቸው ነበር! ሐጂ በአባት ቦታ ተቀምጠው «ልጃችንን እንዲህ በቀላሉ አንሰጥም» ሲሉ ሽማግሌዎቹ ደንግጠው እንደነበር እማዬ ስትነግረኝ ሳቅሁ። እንሶስላውን ማን ያስራታል? እኔ ነበርሁ ማሰር ያለብኝ። ከልጅነቷ ጀምሮ ጸጉሯን ከእኔ በቀር ማንም አይነካውም ነበር። እዚህ ሙቀቱ ሌሊትም አይለቅም፤ አንዳንዴ ማቀዝቀዣው ሲበርደኝ ክረምት ነው፣ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ጓሯችን ገብቷል እላለሁ። እማዬ በሩን ዝጉ ትላለች፣ ማንም አይዘጋም። ለሠርጉ ቪዲዮ ቅረጹልኝ። ስትወጣ ብቻ ሳይሆን ወጥ ቤቱንም፣ ሴቶቹንም፣ ሁሉንም። ጓሮውንም ቅረጽልኝ።

ብሩን በባንክ ልኬዋለሁ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪው ስለጨመረ ብዙ ይመስላችኋል፤ የጤፉን ዋጋ ግን እናንተው ናችሁ የምትነግሩኝ። እዚህም ቢሆን ገንዘብ ከዛፍ አይሸመጠጥም። ከላክሁት ለሠርጉ የሚሆነውን እህታችን ራሷ ትያዘው፤ የመድኃኒቱንና የልጄን የትምህርት ቤት ለእማዬ ስጣት። ለምስጋናው ካዋጣሁት ባነር እንዳታሠሩበት። ቲሸርትም አይታተም። ሥጋ ካላችሁ ሁለት ቦታ ማረድ፣ ሁለት ቦታ መቀቀል ነው፤ ወጪው እጥፍ ይሆናል። ድፎ ዳቦና ቡና ሁሉንም ያስማማል፤ የቀረው ብር ለእትዬ ቆርቆሮ ይግባበት። የጓዳው ጣራ እንደሚያፈስ ልጄ ነግራኛለች፤ ዝናብ ሲመጣ በርበሬያቸውን አልጋ ላይ ያወጡታል አለችኝ። ካባ ብታለብሷቸውም አልጠላም፣ ግን መጀመሪያ ጣራው።

መድረክ ላይ አውጥታችሁ ንግግር አድርጉ እንዳትሏቸው፣ ይሸሻሉ። ልጆቹን አሰልፏቸው። ያሳደጓቸው ሁሉ ይምጡ፣ ሚስት ያገባውም፣ ባጃጅ የሚነዳውም። የእኔን ስም ደግሞ «ከጅዳ ያዋጣች» ብላችሁ እንዳታነቡት፤ ልጄ እዚያ ትቀመጣለች፣ ሰው ዞሮ ያያታል።

ዝርዝሩን አስተካክላችሁ በፎቶ ላክልኝ። የቆርቆሮውን ቀሪ ብር ያን ጊዜ እለቃለሁ። ባለሆቴሉ ቅር ካላቸው እኔ እደውልላቸዋለሁ፣ አንተ አትጨቃጨቅ። ሐጂ «ይህን ያለው ማን ነው» ካሉህ እሷ ናት በላቸው፤ እሳቸው ያውቁኛል።

እህትህ