እንፋሎቱ ለየትኛው ጉድጓድ ይሂድ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ካናዳ ነዳጅ ስትጽፉ የበርሜል ዋጋ ላይ ብቻ ባትቆሙ ደስ ይለኛል። የምኖረው አልበርታ ነው። እዚህ ዋናው ጉዳይ እንፋሎት ነው።

ከአልበርታ የነዳጅ አሸዋ (ከወፍራም ነዳጅ ጋር የተቀላቀለ አሸዋ ነው) 80 በመቶ ገደማው ጥልቀት ላይ ስለሆነ ከላይ ዝቆ ማውጣት አይቻልም። ነዳጁ ደግሞ እንደ ሬንጅ ነው፣ ካልሞቀ ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ሁለት አግድም ጉድጓዶች አንዱ ካንዱ በላይ፣ 5 ሜትር ያህል ተራርቀው ይቆፈራሉ፤ በላይኛው እንፋሎት ይገባል፣ የሳሳው ነዳጅ ወደ ታችኛው ይወርድና ይወጣል።

ችግሩ እንፋሎት በነጻ አይመጣም። ለ1 በርሜል ነዳጅ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 በርሜል ውኃ በተፈጥሮ ጋዝ ይፈላል። ውኃውን የሚያፈላው ቦይለር አቅሙ ውሱን ነው፣ ጉድጓዶቹ ግን ብዙ ናቸው፣ ዕድሜያቸውም አንድ አይደለም። አዲሱ ገና ዙሪያውን ማሞቅ አለበት፤ መሃል ዕድሜ ላይ ያለው ጥሩ ይሰጣል፤ ያረጀው እንፋሎቱን ይውጥና የሚመልሰው ትንሽ ነው። ዛሬ ጥሩ ለሚሰጠው ብቻ ካደላን የነገዎቹ ቀዝቅዘው ይቀራሉ። ለሁሉም እኩል ማካፈልም ያከስራል። ጉድጓዱ ሲበዛ ደግሞ ይህን በግምት መወሰን ከባድ ነው።

ሒሳቡ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የየጉድጓዱ ድርሻ በየሳምንቱ ስንት ይሁን የሚለው ያልታወቀው ቁጥር ይሆናል፣ የቦይለሩ አቅምና የመሬት ውስጥ ግፊቱ ገደብ ይሆናሉ፣ ኮምፒውተሩ ገደቡን ሳይጥስ ከሁሉ የተሻለውን ድልድል ይፈልጋል። የግፊቱ ገደብ ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 እዚሁ አልበርታ ውስጥ ጆስሊን ክሪክ በተባለ የነዳጅ ማውጫ ላይ እንፋሎቱ ከላይ የሸፈነውን አለት ጥሶ ወጥቶ መሬቱን ቦርቡሮታል።

ገደቡን ተፈጥሮ ትሰጣለች፤ ግቡን የሚጽፈው ግን ሰው ነው፣ እኔን የሚያሳስበኝም እሱ ነው። «ነዳጁን አብዛ» ብቻ ከተባለ ማሽኑ ጋዙ ቢነድ ግድ የለውም፣ የታዘዘውን ያደርጋል። የጋዙና የጭሱ ዋጋ እዚያው ግቡ ውስጥ ቢጻፍ ግን ያው ሒሳብ ያረጀውን ጉድጓድ ቀደም ብሎ ዝጋው ይላል። ኩባንያዎቹ ይህን በፈቃዳቸው እስኪያደርጉ መጠበቅ የለብንም፣ ተቆጣጣሪው አካል ራሱ ሊጠይቃቸው ይገባል።

እናንተም ቀጣዩን የትርፍ ዜና ስትሠሩ ለአንድ በርሜል ስንት እንፋሎት እንደወጣ አብራችሁ ጻፉልን።

አክባሪያችሁ፣
ከኤድመንተን